የማሳክ ጉድጓድ

በመንደራችን አጎቴን ሌባ ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። «የልጅ ወሬ ነው» ብሎ የሚንቀኝ ሰው ቢገኝ ኖሮ ነገሩ እዚያው በቀረ ነበር። ችግሩ፣ የመሰከርኩት በሌላ ሰው ስም መሆኑ ነው።

ማሳክ እባላለሁ። ስሙ የቅድመ አያቴ፣ የእማማ ሪና አባት ስም ነው፤ እሳቸው ሞተው ሦስት ወር ሳይሞላ እኔ ተወለድኩና ተሰጠኝ። በእኛ፣ በሰሜኑ የበረዶ ባሕር ዳር በምንኖረው ሰዎች ዘንድ ስም ብቻውን አይመጣም፣ ባለቤቱን ይዞ ይመጣል፤ ወንድ ሆነ ሴት ግድ የለውም። ስለዚህ ሴት አያቴ እማማ ሪና፣ ድክ ድክ ማለት ሳልጀምር ነው እኔን ሴቷን «አባቴ» ማለት የጀመሩት። ባላቸው አባባ ኦትኒኤል፣ ዓሣ ነባሪ የሚያድነው ጀልባችን አለቃ፣ «አማቴ» ይሉኛል። የመጨረሻ ልጃቸው አጎቴ ኡይኒክ ደግሞ «አያቴ» ይለኛል፤ ሲያሾፍብኝ አንቱታ ይጨምርበታል።

«አያቴ፣ ይነሱ እንጂ! ያን የሚያህል ጉድጓድ የቆፈሩ ሰው ካልሲ ማጥለቅ አቃተዎት?»

«ተወኝ ኡይኒክ!»

«እሺ ጌታዬ፣ ይቆጡ። ሽማግሌ መቼም ቁጡ ነው።»

ጉድጓዱ ከቤታችን ጀርባ፣ በባሕሩ በኩል ያለው የሥጋ ጉድጓዳችን ነው። ቅድመ አያቴ ሁለት ክረምት ሙሉ በብረት ዘንግ እየፈለፈሉ፣ በጋ ከክረምት በማይቀልጠው መሬት ውስጥ አወጡት። የእንጨት ክዳኑ ሲነሳ አሥራ አራት እርከን ያለው መሰላል አለ፤ ከታች አንድ መኝታ ቤት የሚያህል ቦታ፣ ግድግዳው በውርጭ የሚያብለጨልጭ። ማክታኩ፣ ጥቁሩ የዓሣ ነባሪ ቆዳ ከነስቡ፣ ከቀዩ ሥጋ ጋር እዚያ ተደርድሮ ከዓመት ዓመት ይቆያል። ሰው ሁሉ «አንተ የቆፈርከው» ይለኝ ስለነበር የቆፈርኩት እኔ መሆኔን አልተጠራጠርኩም። ሌሎቹ ልጆች አሻንጉሊት ነበራቸው፣ እኔ ጉድጓድ ነበረኝ። በየሳምንቱ እየወረድኩ እንደ ባለርስት አየው ነበር።

የጉድጓዱ ኃላፊ ግን የአለቃው ሚስት እማማ ሪና ነበሩ። «ዓሣ ነባሪ ጀልባ አይቶ አይመጣም» ይሉ ነበር። «የሚያየው ሥጋው የሚያርፍበትን ቤት ነው። ቤቱ ንጹሕ ካልሆነ ለማን ብሎ ይመጣል?» በየሚያዝያው፣ ወንዶቹ ወደ በረዶው ጠርዝ ከመውጣታቸው በፊት፣ የተረፈው ሥጋ ለመንደሩ ይታደላል፣ አሮጌው ውርጭ ይፋቃል፣ ወለሉ ላይ አዲስ በረዶ ይነጠፋል። ያን ጊዜ የጀልባው ሰዎች ሁሉ ይመጣሉ፤ የአንዲት ሚስት ሙያ የሚታየውም ያን ቀን ነው።

በዚያ ዓመት ይህ ነገር ከወትሮው ይበልጥ ያሳስብ ነበር። ሁለት ጸደይ በተከታታይ ዓሣ ነባሪ ለእኛ ጀልባ ራሱን አልሰጠም፤ በጉድጓዱ የነበረው ሥጋ ከሌሎች ጀልባዎች የደረሰን ድርሻ ነው። አባባ ኦትኒኤል መናገር ቀንሰው ነበር። ሦስተኛው ጸደይ ባዶ ከሆነ ሰዎቻቸው ወደ ሌላ ጀልባ እንደሚሄዱ እኔ እንኳ አውቅ ነበር።

ጥርጣሬዬ የጀመረው ክዳኑ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ያየሁ ቀን ነው። በመንደራችን እንኳን ጉድጓድ ቤትም አይቆለፍም።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳቸው እማማ ሪናን።

«ቁልፍ ነው፣ አባቴ።»

«ለምን?»

«ለድብ።»

«ድብ ክዳኑን ገንጥሎ ይገባል እንጂ ቁልፍ ያግደዋል እንዴ?»

«ሾርባህ ቀዘቀዘ፣ ብላ» አሉኝ። ቀና ብለው ግን አላዩኝም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ በገዛ ጉድጓዴ ልመነጠር አልፈቀድኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን አፍጥጬ ጆሮዬን አቁሜ መኖር ጀመርኩ። ሁለተኛው መክፈቻ ያለው ኡይኒክ ዘንድ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ቀን ብቻ ፈጀብኝ፤ አንገቱ ላይ በክር አንጠልጥሎት በሸሚዙ ውስጥ አየሁት።

ቀጥሎ ጫማው መጣ። ውጭው አፍንጫ የሚቆርጥ ብርድ ሆኖ፣ ኡይኒክ ከውጭ ሲገባ ጫማው እስከ ጉልበቱ ርሶ ነበር። ምድጃው ሥር ሲደርቅ ዙሪያውን ነጭ መስመር ወጣበት። ጣቴን አስነክቼ ቀመስኩት፤ ጨው ነው። ከባሕር በስተቀር ጨው ያለው ውሃ የት አለ? ስለዚህ ብቻውን ወደ በረዶው ጠርዝ እየወጣ ነው፣ እዚያም የሚገናኘው ሰው አለ፣ ብዬ ደመደምኩ።

ዛሬ ሥራዬ የመንደሩን ጉድጓዶች መለካት ነው፤ በሽቦ የታሰረ ቴርሞሜትር አወርድና ቁጥሩን አነባለሁ። ከዚያ ጸደይ በፊት በነበረው መኸር አንድ ትልቅ ማዕበል መትቶን ነበር። በዚያ ወር ባሕሩን ሸፍኖ ማዕበሉን የሚያበርደው በረዶ ገና አልመጣም ነበርና ውሃው ዳርቻውን እየጋጠ ወጣ፤ ከጉድጓዳችን እስከ ባሕሩ የነበረው ሜዳ ሠላሳ እርምጃ ብቻ ሆነ። እኔ ከዚያ ማዕበል ትዝ የሚለኝ ትምህርት ቤት ሦስት ቀን መዘጋቱ ነው። የጨው ውሃ በመሬት ሥር እየሰረገ መሄድ እንደሚችል፣ እንደሌላው ውሃም ቶሎ በረዶ እንደማይሆን፣ ማን ይነግረኛል?

አንድ እሑድ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ኡይኒክ ወገቡን እንዳመመው ተናግሮ ቀረ። መዝሙር ሲጀመር ሽንት ቤት እንደምሄድ ለእማማ ሪና በምልክት ነግሬ ወጣሁ፤ ከጎረቤታችን ከፍሎሲ በረዶ ላይ የሚሄድ ሞተር ጀርባ ተደብቄ አየሁት። ወገቡ የታመመው ሰው ባልዲ በገመድ ከጉድጓዱ ይጎትታል። አወጣና ደፋ፤ እንደገና አወጣና ደፋ። ከዚያ ወረደና ማክታክ ተሸክሞ ወጣ፤ በሸራ ሸፈነው፣ ጋሪው ላይ አሰረው፣ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ዱካው ወደ ሁለት ቦታ ይሄድ ነበር፤ አንዱ ወደ ባሕሩ በረዶ፣ ሌላው ኡይኒክ ዕቃ ጫኝ ሆኖ ወደሚሠራበት ወደ አውሮፕላን ማረፊያው።

«ምን ታያለሽ?» አለችኝ ፍሎሲ ከኋላዬ። እሷም ከመዝሙሩ ወጥታ ነበር፤ ፍሎሲ ከቤተ ክርስቲያን የማትወጣው ወሬ የሌለ ቀን ብቻ ነው።

«ምንም።»

«ማረፊያው ላይ የሚሠራ ሰው ታድሏል» አለች ዱካውን እያየች። «ከተማ ያሉ ዘመዶቻችን ማክታክ ሲናፍቁ የማይከፍሉት ገንዘብ የለም። እኔ ምን አገባኝ።»

የዓሣ ነባሪ ሥጋ ይታደላል እንጂ አይሸጥም። ራሱን የሰጠን እንስሳ ከሸጥነው ተመልሶ አይመጣም። ይህን የማያውቅ የአምስት ዓመት ልጅ እንኳ በመንደራችን የለም፤ ሁለቱ ባዶ ጸደዮችም በአንዴ ገቡኝ። ኡይኒክን ከማንም አብልጬ ነበር የምወደው፣ ስለዚህም ከማንም ይልቅ ጠላሁት።

በዚያው ሳምንት ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቼ ሳለሁ እናትና ልጅ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። አባባ ኦትኒኤል ጀልባዋ የተለበጠችበትን ቆዳ ሊያዩ ወጥተው ነበር።

«ስንት ቀረ?» አሉ እማማ ሪና።

«እኩሌታው እንኳ የለም፣ እማዬ። ጥሩ ጥሩውን ማረፊያው አድርሻለሁ።»

«አባትህ እንዳይሰማ።»

«ከኔ አይሰማም።»

«ሰው ከሰማ አንድም ሰው ጀልባችን ላይ አይቀመጥም፣ ኡይኒኬ።» ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። «ምን ዓይነት ሴት ናት ይሉኛል?»

የገባኝ ይህ ነው፦ ኡይኒክ ሰረቀ፣ እናቱ ደርሰውበታል፣ የመጨረሻ ልጃቸው ስለሆነ ይሸፍኑታል። አንድ ነገር ግን አልገጠመልኝም ነበር። ኡይኒክ ሲወጣ እማማ ሪና ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። ሌባ እንዲህ ይሳማል? ይህን ጥያቄ ትቼ ሌሎቹን ብቻ ያዝኩ፤ ጠርጣሪ የሚመቸውን ይለቅማል።

የጽዳቱ ቀን ደረሰ። እማማ ሪና ሁለት ጊዜ አራዝመውት ነበር፤ በሦስተኛው አባባ ኦትኒኤል እምቢ አሉ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ስምንቱ የጀልባው ሰዎች መጡ፣ ሚስቶቻቸው መጡ፣ ድርሻቸውን የሚጠብቁ ሽማግሌዎች ጋሪ ይዘው መጡ። ፍሎሲማ ቀድማ ነበር የደረሰችው።

ኡይኒክ ክዳኑን ከፈተ። አባባ ኦትኒኤል ወረዱ። ሲወጡ ባዶ እጃቸውን ነበሩ።

«ተነጥፏል» አሉ። «አዲስ በረዶ ተነጥፏል። ንጹሕ ነው። ሥጋው የት አለ?»

እማማ ሪና የቀሚሳቸውን ጠርዝ በጣታቸው ይጠቀልሉ ነበር።

«ሪና፣ ሥጋው የት አለ? እነዚህ ሰዎች ጋሪ ይዘው መጥተዋል።»

እማማ ሪና አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ቀደምኩ።

«ኡይኒክ ነው የወሰደው» አልኩ። «በእሑድ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን ሳለን። በሸራ ሸፍኖ ማረፊያው ወሰደው። ጉድጓዴን ሰረቀኝ!»

የማንኛዋም ልጅ ቃል ቢሆን ኖሮ «ዝም በይ» ይሏት ነበር። የተናገረው ግን ማሳክ ነው። ጉድጓዱን የቆፈረው ሰው በአለቃው፣ በገዛ አማቹ ፊት ቆሞ ተዘረፍኩ አለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ፤ አንዱ ቆቡን አወለቀ። አባባ ኦትኒኤል እኔን እንደ ልጅ አላዩኝም።

«አማቴ የሚሉት እውነት ነው?» አሉት ልጃቸውን።

ኡይኒክ እናቱን አየ። ረዘም አድርጎ አያቸው፤ ራሱንም በትንሹ ነቀነቀ። ያኔ ይቅርታ እየለመናቸው መስሎኝ ነበር። ዝም እንዲሉ እየነገራቸው ነበር።

«እውነት ነው» አለ። «ሸጥኩት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

አባባ ኦትኒኤል ወደ ጀልባዋ ሄደው ከፊት ለፊት ያለውን የኡይኒክን ጦር አነሱና ለሌላ ሰው ሰጡት። «ጀልባዬ ላይ አትቀመጥም» አሉ። አልጮኹም። ኡይኒክ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ በረዶው ላይ አስቀመጠው። በአጠገቤ ሲያልፍ ልብሱ ያልታጠበ ዕቃ፣ የበሰበሰ ነገር ይሸት ነበር። የሌባ ሽታ እንዲህ ነው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

በሦስተኛው ቀን በአውሮፕላን ወደ ከተማ ሄደ። ማረፊያው ድረስ የሸኘነው እማማ ሪናና እኔ ብቻ ነበርን፤ እኔንም እጄን ጨብጠው እየጎተቱ ነው የወሰዱኝ። አንቱታውን እጠብቅ ነበር። «ደህና ሁኚ ማሳክ» አለኝና ደረጃውን ወጣ።

ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ዓሣ ነባሪ ለጀልባችን ራሱን ሰጠ። ትልቅ ነበር፤ መንደሩ ሁሉ በገመድ ጎትቶ በረዶው ላይ አወጣው። ጉዳዩ በዚህ ተፈረደ። ቤቱ ጸዳ፣ ሌባው ወጣ፣ ዓሣ ነባሪው መጣ። እኔንም እየሳሙ «አማቱ ጀልባውን አዳኑት» አሉኝ። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፣ እንደዚያ ቀንም የማፍርበት የለኝም።

እማማ ሪና የደረሳቸውን ሥጋ አንድም ሳያስቀሩ በዚያው ሰሞን አደሉ። የሩቅ መንደር ሰው ሳይቀር ወሰደ። «እንዲህ ያለች ለጋስ የአለቃ ሚስት አልታየችም» ተባለ፤ እስከ ዛሬም ይባላል። የሚያስቀምጡበት ቦታ እንዳልነበራቸው ማንም አልጠረጠረም። እኔ ጠርጣሪዋ እንኳ አልጠረጠርኩም።

ዓመታት አለፉ። አባባ ኦትኒኤል ልጃቸውን ሳይጠሩ ሞቱ፤ ኡይኒክ ለቀብሩ መጥቶ በዚያው አውሮፕላን ተመለሰ። ጀልባዋ ለእኔና ለባለቤቴ ደረሰች። የመንደሩ ጉድጓዶች አንድ በአንድ ውሃ ይዘው ሰው ሥጋውን ወደ ፍሪዘር አዞረ፤ ዛሬ ቀለጠብኝ ብሎ የሚያፍር የለም፣ የሁሉም ቀልጧል። የእኛ ክዳን ግን ተቆልፎ ኖረ። እማማ ሪና «አርጅቷል፣ ይናዳል» እያሉ ማንንም አያስወርዱም ነበር። ባለፈው በጋ ለሥራዬ ብዬ፣ ሳልነግራቸው፣ ቁልፉን ሰብሬ ወረድኩ፤ ውሃው ወደ ባሕሩ ሸሽቶ ወለሉ ላይ የቀረው ጭቃ ብቻ ነበር።

በመሰላሉ እግር ላይ በካራ የተቆረጡ ምልክቶች አገኘሁ። በእያንዳንዱ ጎን ቀን ተጽፏል፤ ጽሕፈቱ የኡይኒክ፣ ዓመቱ የዘጠኝ ዓመቴ ነው። የመጀመሪያው ከወለሉ አንድ ጣት ከፍ ይላል። የመጨረሻው የኡይኒክ ጉልበት ጋ ይደርሳል፣ ልክ ጫማው ላይ የነበረው ነጭ መስመር ጋ። ውሃውን ሲለካ ነበር። እኔ ዛሬ ደመወዝ የምበላበትን ሥራ እሱ ያኔ በካራ ይሠራው ነበር። እርከኑ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እማማ ሪና ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «ወርጄ ነበር» አልኳቸው።

«እኩሌታው በስብሶ ነበር» አሉ። «ኡይኒክ ለባሕሩ መለሰው፤ ውሃውንም ቀድቶ ሲጨርስ ማንም እንዳያውቅ አዲስ በረዶ አነጠፈበት። ደህናውን ማረፊያው ፍሪዘር ውስጥ ደበቀው፤ ከመሄዱ በፊት በካርቶን እያደረገ በየሽማግሌውና በየጎረቤቱ ደጅ አስቀመጠው።»

«ለምን ዝም አሉ?»

«አፌን ከፍቼ ነበር፣ አባቴ። አንተ ቀደምከኝ። ከዚያ እሱ ቀደመኝ።»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያ በኋላማ ዓሣ ነባሪው መጣ። ዓሣ ነባሪው ከመጣ በኋላ ምን ብዬ ላፍርሰው?» ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «ልጄን ዋጋ አድርጌ ከፈልኩ። በየቀኑ አስበው ነበር፤ ነገ እናገራለሁ እያልኩ አረጀሁ።»

ባለፈው ክረምት የመሬቱን መሞቅ የሚያጠኑ እንግዶች መጥተው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰብን። መጀመሪያ የቀለጠው የማን ጉድጓድ እንደሆነ ጠየቁ። አንዱ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት አለ፣ ሌላው አሥራ ስምንት። ወደ እማማ ሪና ዞር አልኩ። «ተናገር፣ አባቴ» አሉኝ።

ተነሳሁ። በዚህ ስም አንድ ጊዜ መስክሬ ሰው አጥፍቻለሁ።

«የእኔ ነው የቀለጠው» አልኩ። «እኔ ማሳክ የቆፈርኩት። የዛሬ ሠላሳ ዓመት። ኡይኒክ አልሰረቀም። ውሃውን በባልዲ ሲቀዳ ነው ያየሁት።»

ከኋላ ፍሎሲ፣ ዛሬ ጥርስ የላትም፣ ድንገት «እንዴ!» አለች። «በዚያ ጸደይ ደጄ ላይ ካርቶን ማክታክ አግኝቼ ነበር! አፌ ውስጥ እያላመጥኩ ነው ሌባ ስለው የከረምኩት!» የሳቀ ሰው አልነበረም። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች።

በማግስቱ ለኡይኒክ ስልክ ደወልኩለት። ነገርኩት። «ማን ተናገሪ አለሽ?» አለኝ። «እናትህ» አልኩት። «በጀልባዋ ፊት ለፊት ቦታህ አለ» አልኩት፤ ስልኩ ተዘጋ።

በሚያዝያ መጣ። ሸብቷል፣ በአንድ እግሩ ያነክሳል። እማማ ሪና ሠላሳ ዓመት የጠበቁትን ያህል ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀቁትም። ወንበር ሳልሰጠው፣ «እስቲ የሰረቅኩትን ልየው» አለኝ።

ወደ ጉድጓዱ ሄድን። ባሕሩ ከክዳኑ አምስት እርምጃ ነው የቀረው። ክዳኑን አብረን አነሳነው። እኔ ከወረድኩበት በጋ ወዲህ ውሃው ተመልሶ ከላይ አራተኛው እርከን ድረስ ሞልቶ ጥቁር ሆኖ ቆሟል። ኡይኒክ ተንበርክኮ እጁን ነከረ፣ ጣቱን ቀመሰ። ስንት ሌሊት ያዘጋጀሁትን ይቅርታ ልጀምር አፌን ከፈትኩ፣ ግን ለሠላሳ ዓመት ከእሱ አፍ ያልሰማሁት ቃል ቀደመኝ።

«አያቴ» አለኝ፣ ቀና ብሎ እያየኝ። «እንዲህ ባሕሩ አፍ ላይ ሲቆፍሩ የመከረዎት ሰው አልነበረም?»

«ያኔ ባሕሩ ሩቅ ነበር» አልኩት።